የኩልመስክ ሰንጢ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሰንጢ» የሚለውን ቃል የምንሰማው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በፖሊስ ፕሮግራም ላይ ነው፤ «ተጠርጣሪው በያዘው ሰንጢ» ሲባል። ሁለተኛው የፍተሻ በር ላይ ነው። ባንክ፣ ሆቴል ወይም የገበያ ማዕከል ስንገባ ቦርሳችንን ከፍተን «ስለታም ነገር ይዘሻል?» እንባላለን። «ኧረ የለኝም» ስንል ድምፃችን ላይ ትንሽ መገረም እንጨምርበታለን፤ ምን ዓይነት ሰው መሰልኩህ እንደማለት። ለከተማ ሰው ሰንጢ የሌባና የኪስ አውላቂ ዕቃ ነው። የልጅ እናት ቦርሳ ውስጥ ቢገኝማ ወሬው እስከ ሠፈር ይደርሳል።

እኔ አሁን አንድ አለኝ። እጀታው የበሬ ቀንድ ነው፤ ስለቱ ከሌባ ጣቴ ብዙም አይረዝም፤ ሲታጠፍ መዳፌ ውስጥ ይገባል። ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ላሉት ጥበቃ አስረክባለሁ፣ ማታ እረከባለሁ። መጀመሪያ ሰሞን በጥርጣሬ ያዩኝ ነበር። አሁን ብርቱካናቸውን የሚልጡት በእሱ ነው። ከወዴት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከኩልመስክ» ስላቸው ፊታቸው በራ። «የኛ አገር ሰውማ ያለ ሰንጢ ከቤት አይወጣም» አሉኝ። ለካ የወሎ ሰው ኖረዋል።

ብዙዎቻችን የላስታን ምድር የምናውቀው በላሊበላ በኩል ነው። በአውሮፕላን እንገባለን፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በሁለት ቀን ዞረን እናያለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። ኩልመስክም በዚያው በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ለጎብኚ ብላ ያዘጋጀችው ነገር ግን የለም። እኛም ባለቤቴ አጎቱን ሊጠይቅ ባይፈልግ ኖሮ አንሄድባትም ነበር። ስሟን ስሰማ የተኳለ መስክ ነበር የሚታየኝ። ስደርስ ያየሁት በእርከን የተከፋፈለ ተዳፋት፣ የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብና የባሕር ዛፍ ነው። ከ4,200 ሜትር በላይ የሚቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ያለበት ደጋ ስለሆነ ብርዱ ጠዋት ጠዋት ጣት ያደርቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ካልሲና ወፍራም ሹራብ አትርሱ፤ ሌላው ሁሉ እዚያው ይገኛል።

የሄድነው በታኅሣሥ ነው፤ ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። አጎታችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር እሾህ ማውጫ ወረንጦ ይንጠለጠላል። ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ በቀጭን ጠፍር ከመቀነታቸው ጋር የታሰረች ሰንጢ አለች። ባጠገባችሁ ሲያልፉ ጠፍሩ ብቻ ነው የሚታየው።

አንድ ቀን ሙሉ እጃቸውን ስከተል ዋልኩ። በሥራዬ ሰዎች ዕቃ እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚጠቀሙ ማየት ለምዶብኛል፤ ይህን የመሰለ ግን አላየሁም። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ከጓሮ የወይራ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ልጠው፣ ጫፉን ሰንጥቀው ለእኔና ለባለቤቴ መፋቂያ አቀረቡልን። አውድማ ላይ የመንሹ አንዱ ጣት ላልቶ ነበር፤ ትንሽ እንጨት ጠርበው ሽብልቅ አደረጉበት፣ በጠፍር አሰሩት፣ የተረፈውን ጠፍር ቆረጡ። ጠጉሯ ከእሾህ ጋር የተያያዘባትን በግ ይዘው ያንኑ ብቻ ሸለቱላት። እህል የሞላ ጆንያ ከተሰፋ በኋላ ክሩን በጠሱበት። የአህያው ጭነት ገመድ ተወሳስቦ አልፈታ ሲል ገመዱን ለመቁረጥ ማንም አልቸኮለም፤ በሰንጢዋ ጫፍ ቋጠሮውን እየቆፈሩ በትዕግሥት ፈቱት። እኔ ብሆን ቆርጬ ሌላ ገመድ እገዛ ነበር።

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ ስለቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ያጥፉታል። ክፍት ሰንጢ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያየሁት አንድም ጊዜ የለም። ሌላ ሰው ሲጠይቃቸው ደግሞ ስለቱን ወደ ራሳቸው አዙረው እጀታውን ያቀብላሉ። ማታ ጾሙን የጠበቀ ራት ቀርቦ ዳቦው ሲመጣ በዚያችው ሰንጢ ባርከው ቆረሱ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል በአመድና በፈላ ውኃ ፈትገው እንዳጠቧትና እስከ ገና ሥጋ እንደማትነካ ባለቤታቸው ነገሩኝ። እኛ ቤት ለሥጋ፣ ለአትክልት፣ ለዳቦ ተብሎ አምስት ቢላዋ በእንጨት ማስቀመጫ ተደርድሯል፤ አንዱም በደንብ አይቆርጥም።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። የቤቱ የልጅ ልጅ በሁለት ዓመት ይበልጠዋል፤ ከትምህርት ቤት መልስ በግ ይጠብቃል። ወሩ የገና ጨዋታ ወር ስለሆነ የመንደሩ ወንዶች ልጆች ሁሉ ሥራ ይዘዋል፤ ጫፉ የተቆለመመ እንጨት ፈልገው የገና ዱላ ይጠርባሉ። ልጄ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆይቶ የፈራሁትን ጠየቀ።

«እኔም ልቅረጽ?»

ባለቤቴ እኔን አየኝ፣ እኔ ባለቤቴን አየሁት። አጎታችን ግን ማንንም አላዩም። ሰንጢዋን ከጠፍሯ ፈቱና ልጁን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። «ስለቱ ካንተ ወዲያ ይሂድ። ጉልበትህ ላይ አትቁረጥ። ተነሥተህ ከመራመድህ በፊት እጠፈው። ሰው ሲያናግርህ እጅህን አቁም» አሉት። ከዚህ ሌላ ትምህርት አልሰጡም፤ ግን ከአጠገቡ አልተነሡም። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ብለው እጁን ይመለከቱ ነበር። እኔ ልጄን ታብሌት አስይዤ ወደ ሌላ ክፍል እንደምሄድ አሰብኩ። የትኛው የበለጠ አደጋ እንደሆነ ለራሴ መመለስ አልፈለግሁም።

አውራ ጣቱን ትንሽ ቆረጠው። ፕላስተር ለጠፍኩለት፤ ሁለት ጠብታ ደም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቀስ አለ። ዱላው አላማረም፣ የተጫወተበትም ሲሰብረው ነው። እስከ ዛሬ ስብርባሪው አልጋው ሥር አለ፤ ላወጣው ብል ያለቅሳል።

ይህን ስጽፍ «ለልጆቻችሁ ሰንጢ ግዙ» ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በግ የለም፣ የሚጠረብ ዱላም የለም። ሥራ የሌለው ሰንጢ ደግሞ ፖሊስ ፕሮግራም ላይ የምንሰማው ነው። እኔን የገረመኝ ግን ማስተማሩ እንዴት አጭር እንደነበርና ከአጠገቡ መቀመጡ እንዴት ረጅም እንደነበር ነው።

«እኔም አንድ መግዛት እፈልጋለሁ» ብዬ ስናገር አጎታችን «ለባልሽ ነው?» አሉኝ።

«ለራሴ ነው፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ሴት ልጅና ስለት ማለት ከተማም ቢሆን አስቸጋሪ ነገር ነው። እስቲ አስቡት፤ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑን፣ ሥጋውን ሁሉ የምንከትፈው እኛ ነን፤ የበዓል ዶሮ ለማረድ ግን ወንድ ፍለጋ ኮሪደር ላይ እንቆማለን። ከእኛ ሕንፃ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየበዓሉ ዋዜማ ከአምስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ሲያርድ ያመሻል፤ ልጁ ደም ሲያይ ፊቱ ይገረጣል፣ ግን ወንድ ነው።

ዝምታውን የሰበሩት የአጎታችን ባለቤት ናቸው። መሶብ እየሰፉ ነበር። «እኔም ይሄ አለኝ» ብለው የያዙትን ወስፌ ከፍ አድርገው አሳዩን። «ከሰንጢያቸው በፊት ነው የተገዛው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ጥለው አስፈልገውናል፤ እኔ አንድ ቀን ጥዬ አላውቅም።» ሁላችንም ሳቅን፤ አጎታችንም ሳቁ። በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር አብረን ወረድን።

ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ሰንጢ አለ። አንደኛው ከባትሪ ድንጋይ፣ ከመስታወትና ከማበጠሪያ ጋር ሸራ ላይ የሚዘረጋው የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ እጀታው ባለቀለም ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛውን ግን ተዘርግቶ አታገኙትም። ማረሻና ማጭድ ከሚሸጠው ባለሙያ ጋር ሄዳችሁ ታዝዛላችሁ። አጎታችን ወደዚያ ወሰዱኝ። የእሳቸው ሰንጢም ድሮ የፋብሪካ ነበረች። ፕላስቲኩ ሲሰበር ይህ ሰው ቀንድ ገጠመላት፤ ስለቷ ሲያልቅ ሌላ ስለት ሠራላት። አሁን ከፋብሪካው የቀረ ምንም የላትም።

ባለሙያው አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ብረቱን ያየሁት ጊዜ ሳቄ መጣ፤ የመኪና ባሌስትራ ነው። አይሱዙ ተሸክሞ የዳጡን መንገድ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ብረት፣ ከሞተ በኋላ በከሰል እሳትና በወናፍ ግሎ፣ መስፍ ላይ ተቀጥቅጦ፣ ውኃ ጠጥቶ ሽንኩርት ሊልጥ ይመጣል። ባሌስትራ ጥሩ ስለት ይወጣዋል፤ ሲታጠፍ ተመልሶ እንዲቃና ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ብረት ስለሆነ ነው። ፌሮ ግን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ይዶለዱማል። ሰውየው ይህን ሲያስረዳኝ ሁለቱን ብረቶች እያጋጨ ድምፃቸውን አሰማኝ። ዋጋውን ስጠይቀው የነገረኝ የአንድ ማኪያቶና የአንድ ቁራጭ ኬክ ያህል ነው። አልተከራከርኩም።

ስንመለስ አጎታችንን ጠየቅኋቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የእሱ ደንበኛ ናቸው፤ ማረሻቸውም፣ ማጭዳቸውም፣ ሰንጢያቸውም ከእጁ የወጣ ነው። ቤቱ ገብተው ቡና ጠጥተው ያውቃሉ?

«አልጠጣሁም» አሉ። ትንሽ ሄደው ደግሞ፣ «አባቶቻችንም እንዲያ ነው የኖሩት» አሉ።

ነገሩን ለማታውቁት፦ በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው ለዘመናት ሲገፉ ኖረዋል። ጠይብ፣ ቡዳ ተብለዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል፣ ከማዕድ ተለይተዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አጎታችንን እወዳቸዋለሁ፤ ልጄን ሰንጢ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሰንጢዋን የሠራላቸውን ሰው ግን ደጃፍ አይረግጡም። ይህ ለእኔ ከብርዱ የባሰ ነበር፤ ፊት ለፊትም ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ አልተቆጡኝምም።

በላስታና በሌሎችም የአማራ አካባቢዎች ብረት ቀጥቃጭ «ባለ እጅ» ይባላል። ቃሉን ስታዩት ምስጋና ይመስላል፤ እጅ ያለው፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ማለት ነው። እንዴት ወደ ስድብ እንደተለወጠ ሳስብ ትዝ የሚለኝ በሙያዬ ምክንያት የማውቀው አንድ የፈረንሣይ ሰንጢ ነው። ኦፒኔል ይባላል። ሳቯ የሚባለው የአልፕስ ተራራማ አገር ገበሬ በኪሱ እንዲይዘው በ1890 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ኦፒኔል የሚባል የመሣሪያ ሠሪ ልጅ ያወጣው ነው። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ በቃ። እነሱም ደገኞች ናቸው፤ አይብና ዳቦ ይቆርጡበታል፣ እንጨት ይቀርጹበታል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ የአገሩ መታወቂያ ሆኗል። በ1909 እ.ኤ.አ. የንግድ ምልክት ሲመርጥ ስለቱ ላይ ያስቀረጸው ምን መሰላችሁ? ዘውድ የተደፋበት እጅ ነው። እጁ በአካባቢው ካቴድራል ተጠብቆ የኖረ ነው የሚባለውን የመጥምቁ ዮሐንስን ጣቶች ያስታውሳል፤ ዘውዱ የሳቯ መሳፍንት ነው። እዚያ እጅ ዘውድ ተደፋለት፤ እኛ ዘንድ «ባለ እጅ» ተብሎ ከማዕድ ተለየ።

ሰንጢዬን ልቀበል ስሄድ ይህንኑ በአጭሩ ለባለሙያው ነገርኩት። አንተም የራስህን ምልክት አድርግበት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«እህቴ፣ የኔ መሆኑ ከታወቀ ማን ይገዛኛል? እዚህ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ከዚህ ርቆ ሲሄድ ከፋብሪካ ነው ቢባል ይሻለኛል።»

ገበያ ሠሪ ነኝ ብዬ ስለ ምርት ስም ስንት ስላይድ አዘጋጅቼ አውቃለሁ። ለዚህ ግን መልስ አልነበረኝም። እሱ ራሱ ትንሽ አሰብ አደረገና ምስማሩን አውጥቶ ስለቱን ከቀንዱ ለየው። ምስማሩ የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ሲገጠም ቀንዱ የሚሸፍነው ጋ፣ በመሮ ሦስት ነጥብ መታ። መልሶ ገጠመው። ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም።

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ተመልሰን አንድ ቀን አደርን። ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ እንግዳ የራቃት ከተማ ለገና ስትዘጋጅ ማየት ደስ ይላል፤ ነጭ የለበሰ ምእመን ከየገደሉ በእግሩ ይገባል። ቤተ ጊዮርጊስን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የማየው ከላይ ያለውን መስቀል ነበር። በዚህ ጉዞ ግን 12 ሜትር ያህል ወርጄ ግድግዳውን ቀርቤ አየሁት። የመሮው ምት አሁንም አለ፤ አጫጭር፣ የተደጋገመ፣ አንዱ ከሌላው ጎን። ቀን ሰው፣ ሌሊት መላእክት ሠሩት ይባላል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የቀኑ ሥራ ግን በብረት የተሠራ ነው፤ ብረት ደግሞ በድንጋይ ላይ ይዶለዱማል። ከእነዚህ ግድግዳዎች አጠገብ እሳት ሳይጠፋ፣ ወናፍ ሳይቆም መሮ ሲስል፣ መጥረቢያ ሲያቀና የሚውል ቀጥቃጭ ሳይኖር አንድም ዓምድ አይወጣም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የእሱንም እጅ ነው። አስጎብኚያችን ንጉሡን፣ ካህናቱን፣ መላእክቱን ጠራልን። ስለ መሮው ስጠይቀው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ወደሚቀጥለው ቤተ ክርስቲያን መራን።

ሰንጢ ገዝታችሁ በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት፤ በእጅ ሻንጣ አያልፍም። ይህ ሕግ ዓለምን ሁሉ ያስቸገረ ነው። እኛ 1994 ዓ.ም.ን በተቀበልንበት በመስከረም 1 ቀን በአሜሪካ ላይ ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ በየአውሮፕላን ማረፊያው ስለት ሲከለከል፣ ታዋቂውን ቀይ የስዊስ ሰንጢ የሚሠራው ቪክቶሪኖክስ ገበያው ክፉኛ ወድቆ ነበር። ሌላ ምክር፦ ባሌስትራ ይዝጋል። ከታጠበ በኋላ አድርቁት፣ አልፎ አልፎም ጠብታ ዘይት ምስማሩ ላይ አድርጉ። ሲዶለዱም ሞረድ ይበቃዋል።

ባለፈው ትንሣኤ በኮንዶሚኒየማችን ግቢ ስምንት ቤተሰብ ሆነን ቅርጫ ገባን። አራጁ ቆዳውን ገፍፎ፣ ብልቱን አውጥቶ ሄደ፤ መደቡን ማስተካከልና ጅማት መለየት የእኛ ሥራ ሆነ። ከየቤቱ የመጣው ቢላዋ ጅማቱን እያሸ አልቆርጥ ሲል ሰንጢዬን አወጣሁ። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ አንዱ ጎረቤታችን «አንቺ ከየት አባሽ አመጣሽው!» አለኝ። ከዚያ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ሲመለስልኝ አራት ሰው ትእዛዝ ሰጥቶኛል። ማን እንደሠራው ሲጠይቁኝ ባለ እጁን ከነታሪኩ ነገርኳቸው፤ ቀንዱ ሥር ስላሉት ሦስት ነጥቦችም ጭምር። ምስማሩን ነቅለን እንይ ያሉም ነበሩ፤ ከለከልኩ።

በማግስቱ አጎታችን ጋ ደውዬ አራት እንዲያዙልኝ ጠየቅኋቸው። ገንዘቡን በስልክ ላክሁ፤ ዋጋውን እኔ እጥፍ አደረግሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ሁለቱ አልቀዋል፣ ለሁለቱ ግን ባሌስትራ አልቆበታል፤ ከወልድያ እስኪመጣለት ጠብቁ ብሏል አሉኝ።

«ገበያ ላይ ነው ያገኙት?» አልኳቸው።

«አይ» አሉ፤ «ዝናብ ስለነበር እቤቱ ሄጄ ነው።»

ቡና ጠጥተው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።